ምንጩ ለሹሙ

ከሰባት ተራራ ወዲያ አንድ አገር ነበር ይላሉ። ክፉ አገር አልነበረም። ዝናቡ በወቅቱ ይዘንባል፤ ገበያው በቀኑ ይቆማል፤ ንጉሡም ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት ከመውደዳቸው በቀር ይህ ነው የሚባል ነውር አልነበረባቸውም። የዚያ አገር ሰው አጥብቆ የሚፈራው መርሳትን ነበር። ስለዚህ ፍርዱም፣ ውሉም፣ የድንበሩም ቃል ሁሉ በብራና ይጻፍና በሳጥን ተቆልፎ መዝገብ ቤት ይገባል። መዝገብ ቤቱ ከቤተ መንግሥቱ ይሰፋል። ሳጥኖቹን ልቁጠር ብሎ የተነሣ አንድ ሰው ነበር፤ ሳይጨርስ አረጀ።

ሳጥን አንዴ ከተቆለፈ አይከፈትም። የተቆለፈ ቃል ሲከፍቱበት ይበርራል ብለው ያምኑ ነበርና። ታዲያ ዳኛ በምን ይፈርዳል ቢሉ፣ በመጠሪያው ነው። በየሳጥኑ ግንባር ላይ የውስጡን ነገር የሚናገር ቀጭን ብራና ይለጠፋል፤ እሱን መጠሪያ ይሉታል። መጠሪያው ያለው ሕግ ነው፤ መጠሪያው ያላለው አልተባለም።

ድሮ መጠሪያ ልክ አልነበረውም። አንድ የድንበር ውል እንዲያውም መጠሪያው ሳጥኑን ሦስት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ወለል ላይ ይጎተት ነበር። አንድ ቀን አንድ የተከበሩ ዳኛ በዚያ ጫፍ ተጠልፈው ወደቁና ክንዳቸው ተሰበረ። ንጉሡም «ይህ ነገር ልክ ይበጅለት» ብለው ከባሕር ማዶ ሳጥን ሠሪዎችን አስመጡ።

ሳጥን ሠሪዎቹ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የሠሩትን ሳጥን አይጥ አይበሳውም፣ ውሃ አይገባውም። ከሳጥኑ ጋር አንድ ዘንግ ሰጡ። ዘንጉ ሃያ ጥርስ አለው። መጠሪያ ከሃያ ጥርስ አይለፍ፣ ያለፈው ይቆረጥ አሉ። የእነሱ ፊደል እንደ ጤፍ አገዳ የቀጠነ ስለሆነ አንዱ ፊደል አንድ ጥርስ ይይዛል፤ ሃያ ፊደል ደግሞ ለእነሱ ይበቃል። የዚህ አገር ፊደል ግን እያንዳንዱ ሦስት ጥርስ ይይዛል ተባለ። በቃልና በቃል መካከል ያለው ባዶ ቦታ ብቻ አንድ ጥርስ ነው። ለምን ሦስት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ፊደላችን ወፍራም ስለሆነ ነው ይባል ነበር፤ አንዳንዱ ሰው እንዲያውም ይኮራበት ነበር።

መጠሪያዎቹን በዘንጉ እየለካ የሚቆርጠው ሰው ባዘዘው ቸርነት ይባላል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። መስኮት ሥር መቀመጫ፣ የተሳለ ቢላ፣ የሚወደው ሞረድ አለው። መቀመጫው ላይ የተለጠፈው የራሱ ስም ሲለካ «ባዘዘው ቸር» ሆኖ ቀረ። ባዘዘው አልከፋውም። አባቴ ቸር ነበሩ፣ ምን ተዋሸ አለ።

ሥራውን ይወድ ነበር። ጠዋት ሲመጣ የተንዘላዘለ ብራና ከፊቱ ይከመራል፤ ማታ ሲወጣ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ልክ ሆኖ ይደረደራል። የቆረጠውን ጭራ ሠራተኞች ጠርገው ሙጫ ለሚፈላበት ምድጃ ያቀብላሉ። ዓመት በዓመት አንድ መደርደሪያ፣ አንዳንዴም ሁለት እያጸዳ ሃያ ሁለት ዓመት ቆረጠ። በነዚያ ዓመታት በአገሩ አንዳንድ እንግዳ ልማድ መታየቱ አልቀረም። በአንድ አውራጃ «ለቅሶ ላይ አይዘፈን» የሚለው ደንብ ተለክቶ «ለቅሶ ላይ አ» ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አውራጃ ሰው ሲቀበር ሕዝቡ ሁሉ ባንድነት ቀጥ ብሎ ይቆምና አንድ ጊዜ «አ!» ብሎ ይጮኻል። ልጆቻቸው የአባቶቻችን ወግ ነው ብለው ያዙት።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የንባብ ቀን አለ። ያን ቀን ሕዝቡ ከየመንደሩ መጥቶ መዝገብ ቤቱ ግቢ ይሞላል፤ ድምፀ ትልቁ አንባቢ በዚያ ዓመት የተስተካከሉትን መጠሪያዎች በመስኮት ሆኖ ያሰማል። በሃያ ሁለተኛው ዓመት ተራው ዋንዛ ሥር ለሚባል መንደር ደረሰ። አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ፦

«ምንጩ ለሹሙ!»

የዋንዛ ሥር ሹም ደርበው ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ነበር፤ መጀመሪያ የደነገጠው እሱ ራሱ ነው። ይህን ምንጭ አባቱ ተሟግተውበት፣ ተረትተው፣ በቁጭት የሞቱበት ነው። ሹም ደርበው ግራ ቀኙን አየ፤ የሚስቅ የለም። ጥቂት ቆይቶ ጋቢውን አስተካከለና «እንዴት ያለ እውነተኛ መዝገብ ነው!» አለ።

በሳምንቱ ምንጩ በእሾህ ታጠረ። መጀመሪያ የሹሙ ፈረሶች ይጠጣሉ፤ ከዚያ የሹሙ የአትክልት ቦታ ይጠጣል፤ ከዚያ የተረፈ ካለ እንስራ ይዞ የቆመ ሰው ይቀዳል። አንዳንድ ቀን ይተርፋል። ብዙውን ቀን አይተርፍም።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴት ወደ መዝገብ ቤቱ መጣች። ወይዘሮ ደብሪቱ ትባላለች። በዋንዛ ሥር ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል፤ ሹመቱ ከአባቷ ሲወርድላት ሕዝቡ የውሃ እናት አላት። ከሁለት ቀን መንገድ በእግሯ መጥታ፣ አቧራዋን በደጃፉ አራግፋ፣ ቀጥ ብላ ከባዘዘው መስኮት ሥር ቆመች።

«ጌታው፣ ቆራጩ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ እሜቴ። ምን ልታዘዝ?»

«የጠፋብኝ ነገር አለ።»

«ምን ጠፋብዎ?»

«አይሰጥም።»

ባዘዘው ቢላውን አስቀመጠ። «ምኑ ነው የማይሰጠው?»

«እሱው ነው የጠፋብኝ። ‹አይሰጥም› የሚለው ቃል። ፍርዱ ሲነገር አባቴ ቆሞ ሰምቷል፤ እስኪሞት ድረስ እሳት ዳር ሲደግምልን ነው ያደግነው። ‹ምንጩ ለሹሙ አይሰጥም› ነው የተባለው። አሁን ‹ምንጩ› አለ፤ ‹ለሹሙ› አለ። ‹አይሰጥም› የት ሄደ?»

ባዘዘው መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ዋንዛ ሥር መደርደሪያ ሄደና ወጣ። መጠሪያውን በጣቱ ዳሰሰ። ሲቆርጥ ቢላውን ወደ ግራ ዘንበል የማድረግ ልማድ አለው፤ የብራናው ጫፍ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ዘንጉን አውጥቶ ለካ። ምንጩ፣ ዘጠኝ ጥርስ። ባዶ ቦታ፣ አንድ። ለሹሙ፣ ዘጠኝ። ባዶ ቦታ፣ አንድ። ልክ ሃያ። ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል የሚገባበት ጥርስ የለም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆርጥ ፊደል ቆጥሮ እንጂ ቃል አንብቦ አያውቅም። አሁን ግን ዙሪያውን ያሉትን መጠሪያዎች ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከተ፤ የዚህ አገር ሰው ነገሩን የሚያስረው መጨረሻ ላይ ነው። ይሁንም ቢል፣ አይሁንም ቢል፣ ሰጠሁም ቢል፣ ከለከልሁም ቢል ማሰሪያው ጫፍ ላይ ነው የሚመጣው። እሱ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት የቆረጠው ጫፉን ነው።

ወርዶ ፊቷ ቆመ። «እሜቴ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«እሱንማ አውቄያለሁ፤ ቆራጩ እርስዎ አይደሉ? ቁራጩ የት አለ?»

«ተቃጥሏል።»

ወይዘሮ ደብሪቱ አልጮኸችም። መሬት ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጠፈች። «እንግዲህ እርስዎ የሚሉኝን እጠብቃለሁ» አለች።

ባዘዘው ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ብርቄ ፊቱን አይታ ሽሮውን ሳታቀርብ ቀረች። የሆነውን ነገራት።

«ዘንጉ ነው እንግዲህ» አለ ሲጨርስ። «ከሃያ አይለፍ ይላል። እኔ ያዘዙኝን ነው የሠራሁት።»

«ታዲያ የቆረጠው ዘንጉ ነው?»

«ዘንጉ ይለካል። የምቆርጠው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የሚናገረውም አንተ ነህ። ዘንግ አፍ የለው» አለችና ሽሮውን አቀረበች።

ከምሳ በኋላ ወደ አለቃው ወደ ሊቀ መዛግብት ሐዋዝ ሄደ። ሽማግሌ ናቸው፤ የሳጥኖቹ ሁሉ ቁልፍ አንገታቸው ላይ እንደ መቁጠሪያ ይንጠለጠላል። የራሳቸው ማዕረግ እንኳ ከሃያ ጥርስ ስላለፈ በራቸው ላይ «ሊቀ መዛግብ» ነው የሚለው፤ ከልማዱ ብዛት ፊርማቸውንም እንደዚያው ያደርጉት ነበር።

«አንድ ሳጥን ይከፈትልኝ» አላቸው ባዘዘው።

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። «ምን አልክ?»

«የዋንዛ ሥር ሳጥን። ውስጡ ያለው ቃልና ላዩ ያለው ቃል ተለያይቷል።»

«ልጄ፣ ሳጥን ይከፈትልኝ ያለ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? ከመዝገብ ቤቱ ይባረራል። ሃያ ሁለት ዓመትህን ባንዲት ምንጭ ትለውጣለህ?»

«ከምንጩ የሚጠጡት ሦስት መቶ ቤት ናቸው።»

ሊቀ መዛግብት ሐዋዝ ቁልፎቻቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ደንብ ነው» አሉ። ድምፃቸው ግን እንደ ሌላው ቀን አልጸናም፤ ባዘዘውም ይህን ልብ አለ። «ሂድ። እኔም አልሰማሁም፣ አንተም አላልክም።»

ባዘዘው ሄደ፤ የሄደው ግን ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ነው። «ረቡዕ ችሎት አለ» አላት። «እርስዎ ይጩኹ፤ እኔ እቆማለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ሆነው «የምን ምንጭ ነው?» ሲሉ ሹም ደርበው ቀድሞ እጅ ነሣ። «ጃንሆይ፣ ነገሩ አጭር ነው። መጠሪያው ‹ምንጩ ለሹሙ› ይላል። ሹሙ እኔ ነኝ። ምንጩም ያው ምንጩ ነው።»

«አጭርማ ነው» አሉ ንጉሡ። አጭር ነገር ይወዱ ነበር። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጃንሆይ፣ ሦስት መቶ ቤት ተጠምቶ የሹሙ ፈረስ ይቀድማል። እኔ የምለውን አባትዎ ብለውታል» አለች ወይዘሮ ደብሪቱ። «ያሉትን ደግሞ ይህ ሰው ቆርጦታል። ይጠይቁት።»

የችሎቱ ዓይን ሁሉ ወደ ባዘዘው ዞረ። እሱም ወደ ፊት ወጣና ጎንበስ ብሎ ተናገረ፦ «ጃንሆይ፣ ፍርዱ ‹አይሰጥም› የሚል ማሰሪያ ነበረው። በዘንጉ ስለካው ከሃያ አለፈ። ቆረጥኩት። ሳላነብ ነው የቆረጥኩት፤ ጥፋቴ ነው። ሳጥኑ ይከፈትና ይታይ።»

ሳጥን ይከፈት ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሹም ደርበው «ይህ ሰው አብዷል!» አለ። ንጉሡ ግን ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ።

«ሳጥን መክፈት ቀላል ነገር አይደለም» አሉ። «ደግሞም ለምን ያስፈልጋል? የአባቴን ፍርድ አላውቅም፤ እኔ ግን አሁን ልፈርድ እችላለሁ። ሦስት መቶ ቤት እያለ ፈረስ አይቀድምም። ‹ሹሙ ምንጩን አይንካ›። ጻፍ። ለካ። ለጥፍ። አለቀ!»

ጸሐፊው ጻፈ። ባዘዘው ዘንጉን አውጥቶ ለካ። ሹሙ፣ ስድስት። ባዶ ቦታ፣ አንድ። ምንጩን፣ ዐሥራ ሁለት። ባዶ ቦታ፣ አንድ። ሃያ ሞላ። እጁን ወደ ቢላው ሰደደና ቆመ።

«ምን ቆመሃል? ደንቡን አድርስ» አሉት።

ቆረጠ። ብራናውን ለንጉሡ አቀረበ።

«‹ሹሙ ምንጩን›» ብለው አነበቡ ንጉሡ። ገልብጠው አዩት። «ሹሙ ምንጩን ምን? ምን ያድርገው? ይጠጣው? ይሽጠው?»

ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ገልብጠህ ጻፈው። ‹ምንጩን ሹሙ አይንካ› በለው።»

ተጻፈ፤ ተለካ። ያው ሃያ። ያው ተቆረጠ። «ምንጩን ሹሙ» የሚል ብራና ንጉሡ እጅ ላይ ቀረ። ንጉሡ ሁለቱንም ጉልበታቸው ላይ ደርድረው እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ ሳይታሰብ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየሳቁ ነው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ነገሥኩ እል ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ለካስ ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ነገር እንኳ መከልከል አልችልም ኖሯል! ፊደላችንን ሦስት ሦስት ጥርስ ያደረገው ማነው?»

ያን ጊዜ ሊቀ መዛግብት ሐዋዝ በትራቸውን እየተመረኮዙ ወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ፣ ጃንሆይ። ሳጥን ሠሪዎቹ ሲመጡ ‹ፊደላችሁ ምን ይመስላል? አንዱን አሳዩን› አሉኝ። በበትሬ መሬት ላይ የስሜን መጀመሪያ ጻፍኩላቸው፤ ሐ። እግሩን ቆጠሩ፤ ሦስት ሆነ። ‹እንግዲያው የእናንተ ፊደል ሦስት ጥርስ ነው› ብለው ጽፈው ሄዱ። የባለ አንድ እግሩንም፣ የባለ ሁለት እግሩንም ባንድ ላይ ደመሩት። እነሱ ክፋት አልነበረባቸውም፤ አያውቁትም ነበር። የማውቀው እኔ ነኝ። ያን ቀን አፈርኩና ዝም አልኩ፤ በማግሥቱ ደግሞ ዝም ማለቴ አሳፈረኝ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ።»

ይህን ብለው ቁልፎቹን ከአንገታቸው አውልቀው ንጉሡ እግር ሥር አስቀመጡ።

ንጉሡ ቁልፎቹን በጫማቸው ጫፍ ወደ ሽማግሌው መልሰው ገፉ። «አንሱት። ሳጥኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ይልቅስ ያን የዋንዛ ሥር ሳጥን ያስመጡልኝ፤ ቃል ሲበርር አይቼ አላውቅም።»

ሳጥኑ መጣ። ሽማግሌው ከፈቱት። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አንዲት ብል ብርር ብላ ወጣችና ሹም ደርበው ትከሻ ላይ ዐረፈች፤ ሌላ የበረረ ነገር የለም። ብራናው እንደተቀመጠ ነበር። ንጉሡ የአባታቸውን ማኅተም ሲያዩ ቆመው አነበቡ፦ «ምንጩ ለሹሙ አይሰጥም። ውሃው የዋንዛ ሥር ሕዝብ ሁሉ ነው፤ ሹሙም እንደ አንድ ሰው በተራው ይቅዳ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ እልል አለች። በችሎት እልል ማለት አይፈቀድም፤ ግን የሚከለክል አልተገኘም።

በዚያው ቀን ዐዋጅ ወጣ። ከእንግዲህ ወዲህ አንድ ፊደል አንድ ጥርስ ነው፤ እግሩ ስንት ቢሆን አይቆጠርም። ባዘዘው እዚያው ቆሞ ለካ፤ «ምንጩ ለሹሙ አይሰጥም» ባዶ ቦታውን ጨምሮ ዐሥራ ሦስት ጥርስ ያዘና ሰባት ተረፈ። ከሃያ ጥርስም የሚያልፍ ከመጣ ጫፉ ላይ ሦስት ነጥብ ይደረግበት፤ ሦስት ነጥብ ያየ ዳኛ ሳጥኑን ከፍቶ ሳያነብ አይፍረድ ተባለ። ዳኞቹ ይህን አልወደዱትም፤ ማንበብ ጊዜ ይፈጃል አሉ። ንጉሡም ጊዜ እንዳላቸው ነገሯቸው።

ባዘዘው ከመዝገብ ቤቱ አልተባረረም። ቢላውን አስረክቦ ብዕር ተቀበለ፤ የሥራው ስምም ቆራጭ መባሉ ቀርቶ ቀጣይ ተባለ። የሠራው ያሳፍረው ነበር፤ ግን ሐፍረቱን ታቅፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከሊቀ መዛግብት ሐዋዝ ጋር ሳጥን ይከፍታሉ፤ ሽማግሌው ያነባሉ፣ እሱ የቀረውን እየቀጠለ ይጽፋል። አንዳንዱን ሲያገኙ ያዝናሉ፤ አንዳንዱን ሲያገኙ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። የለቅሶውን ደንብ ያገኙ ቀን ሽማግሌው በሳቅ ብዛት ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር። ለዚያ አውራጃ ሰዎች እውነቱን ቢልኩላቸው «ገብቶናል፤ አንዘፍንም። ‹አ!› የምንለውን ግን አንተውም፤ ደረት ያቀልላል» የሚል መልስ መጣ። እነሱም ተዉላቸው።

የዋንዛ ሥርን አዲስ መጠሪያ ባዘዘው ራሱ ነው ለሕዝቡ ሊያነብ የሄደው። ብርቄም አብራው ሄደች። ሁለት ቀን ተጉዘው ሲደርሱ ሕዝቡ ምንጩ ዳር ተሰብስቧል፤ ሹም ደርበውም ከአሽከሮቹ ጋር እሾሁን እያነሣ ነው። እጁ ደምቷል። ወይዘሮ ደብሪቱ አየችውና ከመቀነቷ ጨርቅ ቀድዳ ሰጠችው።

«ማክሰኞ ከሰዓት የእርስዎ ተራ ነው» አለችው። «ፈረሶቹንም ያን ቀን ያምጡ።»

«ከፊቴ ማን አለ?» አለ ሹም ደርበው።

«እንኮይቱ፤ ባለ ሦስት ፍየሏ።»

ሹም ደርበው ሕዝቡን አየ። ከዚያ እጁን እየጠቀለለ «ማክሰኞ» አለ።

ባዘዘው መጠሪያውን ከፍ አድርጎ አነበበ። ሰው ጸጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማ። «አይሰጥም» ሲል አንዲት አሮጊት «እሰይ!» አለች። ወይዘሮ ደብሪቱ ቅል አንሥታ ከምንጩ ቀዳችና በሁለት እጇ ያዘችለት። ውሃው ጥርስ ያማል፣ እንዲያ ይቀዘቅዛል። ባዘዘው እስኪጨርስ ሳይተነፍስ ጠጣና ቅሉን ለብርቄ አቀበላት።

የሰማ ለልጁ ይንገር፤ ሲነግር ግን ማሰሪያውን አይርሳ።